አንድ ኪሎ ይርጋጨፌ ፍለጋ

እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ክረምት የአንድ ቡና ከረጢት ፎቶ ላከችልኝ። 340 ግራም ነው። በትልቁ «ይርጋጨፌ» ተብሎ ተጽፎበታል። የከፈለችው 22 ዶላር። ከሥሩ «አንተ እዚያ ሆነህ ስንት ትገዛዋለህ?» ብላለች።

እኔ የምገዛው ሰፈራችን ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ካለች ሱቅ ነው። ባለሱቋ «የይርጋጨፌ ነው» እያለች ትመዝንልኛለች። ከዚያው ጆንያ ለሌላ ሰው «የጅማ ነው» ስትል ግን በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። እናቴ አንድ ቀን ፍሬውን መዳፏ ላይ ዘርግታ አገላብጣ አየችውና «ይሄ የየት አገር እንደሆነ ራሱም አያውቅ» አለች።

የዲላ ልጅ የሆነ ጓደኛ አለኝ። ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝ። «ኅዳር ላይ እረፍት ውሰድ፤ እኔ አደርስሃለሁ። አንድ ኪሎ እዚያው ከምንጩ ትገዛለህ» አለኝ። ቀላል መሰለኝ።

ኅዳር 12፣ 2017፣ ሐሙስ

ከአዲስ አበባ የወጣነው በጭስ መሃል ነው። ኅዳር ሚካኤል፣ ኅዳር ሲታጠን። በየሰፈሩ ቆሻሻው ተከምሮ ይጤሳል። ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው ይባላል፤ አሁን ግን የሚታጠነው ፕላስቲክ ስለሆነ በሽታውን ያባርር ይጥራው እንጃ። ቃሊቲን እስክናልፍ መስኮት አልከፈትንም።

በፈጣን መንገዱ ሞጆ፣ ከዚያ እስከ ባቱ ድረስ አዲሱን መንገድ ይዘን በረርን። ከባቱ ወዲያ ግን ከአህያ፣ ከባጃጅና ከሲኖትራክ ጋር መጋፋት ነው። ምሳ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ጥብስ። ስለ ሐዋሳ ብዙ ሰው ጽፏል፤ እኔ አልጨምርም።

ከሐዋሳ በታች ነገሩ ይቀየራል። ሲዳማ ውስጥ ስንገባ የመንገዱ ዳርና ዳር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው በላይ ትልልቅ ዛፍ። ደጅ ላይ ሰሌን ተነጥፎ ቀይ የቡና ፍሬ ይሰጣል። ዶሮ በላዩ ይራመዳል፤ አንዲት ልጅ በልምጭ ታባርራለች። አለታ ወንዶን አልፈን ዲላ ስንደርስ መሽቷል። ያደርንበት ሆቴል ውሃ አልነበረውም። እንግዳ ተቀባዩ በጣም በትህትና «ጠዋት ይመጣል» አለን። አልመጣም።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ከዲላ ይርጋጨፌ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወናጎን አልፈን ከተማዋ ስንገባ ጓደኛዬን «መቼ ነው የምንደርሰው?» አልኩት። «ደርሰናል እኮ» አለኝ። እንግዲህ ቶኪዮና በርሊን ካፌ ግድግዳ ላይ ስሟ የሚጻፈው ከተማ ይቺ ናት። ወደ ሞያሌ የሚወርድ አንድ አስፋልት፣ ግራና ቀኝ ሱቅ፣ ባንክ፣ ባንክ፣ እንደገና ባንክ። የባንኩ ብዛት ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ የዓመቱ ገንዘብ በሙሉ የሚመጣበት ወቅት ነው።

ለዚህ ስም አገር ተሟግቷል። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ላስመዝግብ ስትል ከአሜሪካው ቡና ሻጭ ከስታርባክስ ጋር ተፋጣ፣ ነገሩ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ነው ያለቀው።

እኔ ደግሞ አንድ ኪሎዬን ፍለጋ ወረድኩ። የመጀመሪያው ሱቅ «ቡና የለም» አለኝ። ይርጋጨፌ ላይ! ሁለተኛው ጥቂት ቆላልፎ ያስቀመጠውን አወጣ። ግማሹ የተሰባበረ፣ ግማሹ የነጣ፣ አንዳንዱ ጥቁር። የሰፈሬ ሱቅ ቡና ከዚህ ይሻላል። ሦስተኛዋ ሴትዮ እውነቱን ነገረችኝ። «ወንድሜ፣ ጥሩው እዚህ አይቆይም። ዶላር ነው እሱ። ለኛ የሚቀረን ይሄው ነው።»

ልክ ናት። ኤክስፖርት የሚሆነው ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕግ አለ። ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን፤ ግን የምንጠጣው በአብዛኛው ለውጭ ገበያ ያልደረሰውን ነው። መጽሐፍ ላይ ባነበው ምንም አይመስለኝም ነበር። እዚያች ሱቅ ቆሜ፣ ዙሪያዬን ሁሉ ተራራው ቡና ሆኖ፣ መዳፌ ላይ ያን ስብርባሪ ስይዝ ግን አናደደኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጓደኛዬ አጎት ቤት ወጣን። አስፋልቱ ላይ መኪናውን አቁመን በሞተር። ሦስት ሰው በአንድ ሞተር፣ ቁልቁለት፣ ከትናንት ወዲያ ዝናብ የጠጣ ቀይ ጭቃ። አንዱ ኩርባ ላይ ሞተሩ በቀስታ ተኛ፣ እኛም አብረነው ተኛን። የተጎዳ የለም። የኔ አንድ ጫማ ግን እስካሁን እዚያው ይመስለኛል።

ጋሼ (ስማቸውን አልጽፍም፣ ጋሼ ልበላቸው) በር ላይ ቆመው በአንድ እግሬ ስመጣ አዩኝ። ምንም ሳይሉ የጎማ ቦቲ አመጡልኝ። ማታውን ብርድ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ፀሐይዋ ስትገባ ጋቢ ያስፈልጋል። ቡናው በጨው መጣ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ለመድኩት።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ጠዋት ጋሼ ማሳቸውን አሳዩኝ። ማሳ ሲባል በአእምሮዬ የነበረው የተሰለፈ ተክል ነው። እዚህ መስመር የሚባል ነገር የለም። ከላይ ብርብራና ዋንዛ፣ መሃል እንሰት፣ ከሥር ቡና፣ ቡናው መሃል ጎመን፣ ቦዬ፣ አንድ ሁለት የንብ ቀፎ። ጫካ ውስጥ የገባሁ መስሎኝ «ማሳው የቱ ጋ ነው የሚጀምረው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ከቤት ወጥተህ እስካሁን የረገጥከው ምን መሰለህ?» አሉኝ።

መሬቱ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። ይርጋጨፌ ያለችበት የጌዴኦ ዞን በአገራችን ሕዝብ ከተጨናነቀባቸው ገጠሮች አንዱ ነው፤ ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ደህና ነው የሚባለው። ስምንት ሰው ከዚህች ይበላል። እንሰቱ ሆድ ነው፣ ቡናው ገንዘብ ነው፣ ዛፉ ጥላና ማገዶ። ጋሼ እንሰቱን መታ መታ አድርገው «ይሄ ውሃ ይይዝለታል፤ በጋ ላይ ቡናውን የሚያጠጣው እሱ ነው» አሉ።

የቡናው ዛፎች ስም አላቸው። ኩሩሜ ፍሬዋ ትንሽ፣ ወሊሾ ትልቅ። እነሱ የአገሩ ናቸው። ከነሱ መሃል ደግሞ በቁጥር የሚጠሩ አሉ። «ይሄ ሰባ አራት ነው» አሉኝ። ሙሉ ስሙ 74110 ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገብቶ ዛፉን ሲያራግፍ፣ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ፍለጋ በየጫካው ዞሩ። ይሄኛው እ.ኤ.አ. በ1974 ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ የተገኘ ነው። ሰባ አራት የተባለው ለዚህ ነው። ጋሼ ዓመተ ምሕረቱን አያውቁትም፤ ዛፉ እንደማይታመም ግን ያውቃሉ።

ለቀማ። እኔም ቅርጫት ወገቤ ላይ ታሰረልኝ። ቅርንጫፉን ጎንበስ ታደርጋለህ፣ የቀላውን ብቻ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጠምዘዝ። አረንጓዴውን ተወው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱበታል። ቀላል ነው ብዬ እጄን ማፍጠን ጀመርኩ። የቤቱ አያት ከኋላዬ መጥተው ቅርጫቴ ውስጥ እጃቸውን ከተቱ። አንድ አረንጓዴ አወጡ። ሁለት። አምስት። በጌዴኡፋ የሆነ ነገር ተናገሩ። ጓደኛዬ ተረጎመልኝ፤ «ይሄ ልጅ የሚለቅመው ጎመን ነው ወይስ ቡና?»

የቀላውን አንዱን ፍሬ አፌ ውስጥ ጨመቅኩት። ስስ ጣፋጭ ነገር አለው፣ ማርም ሐብሐብም የሚመስል። ሁለቱ ፍሬዎች ከሙጫቸው ጋር ምላስ ላይ ይንሸራተታሉ። የቡና ጣዕም የሚባል ነገር ግን ፍጹም የለውም። ይሄን ቆልቶ መጠጣት ለመጀመሪያው ሰው እንዴት እንደታየው እንጃ።

አመሻሹ ላይ እሸቱን ይዘን ወደ መረከቢያው ወረድን። ለማጠቢያ የሚሸጥ እሸት፣ ማለትም የተለቀመው ቀይ ፍሬ፣ አያድርም፤ በለቀምክበት ቀን መፈልፈል አለበት፣ አለዚያ ይበላሻል። ስለዚህ ገበሬው ዋጋ አልወደድኩም ብሎ ይዞት ወደ ቤቱ መመለስ አይችልም። ይሄን ሚዛኑ ጋ ያለው ሰውዬም ያውቃል፣ ተሰላፊውም ያውቃል። ሰልፉ ላይ አንዲት እናት «ቤት ስመዝነው ሃያ ሁለት፣ እዚህ ሃያ አንድ» ብለው ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። መዛኙ አልሰማም፣ ወይም አልሰማሁም አለ።

የኔ የአንድ ቀን ድካም 3 ኪሎ ከ400 ግራም ሆነ። የጋሼ ልጅ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፣ በዚያው ሰዓት ከ20 ኪሎ በላይ ለቅማለች። የኔን ከእሷ ጋር ደባልቀው ሸጡት። አያትየው አረንጓዴውን ካወጡለት በኋላ ነው እንግዲህ።

ማታ ቆጮ በቅቤና በአይብ። ነገ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ቅበላዬን እዚያው አደረግኩ። ቤተሰቡ ፕሮቴስታንት ነው፤ ነገሩን ስነግራቸው «እንግዲያው ጨርሰህ ብላ» ብለው ደገሙልኝ።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ዛሬ ለቀማ የለም። ቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እኔና ጓደኛዬ ቱቱ ፈላን ለማየት ሄድን። 300 ገደማ የቆሙና የወደቁ ድንጋዮች በአንድ ጉብታ ላይ። አንዳንዱ ላይ የሰው ፊት ተቀርጿል። በጌዴኦ እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ ነው፤ ሳካሮ ሶዶ የሚባለው ስፍራ ድንጋዮች ወደ 2,000 ዓመት ይጠጋሉ። ድንጋዮቹና በዙሪያቸው ያለው የእንሰትና የቡና እርሻ አብረው በመስከረም 2016 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፈሩ። ጋሼ ጓሮ ያየሁት ጎመን የዓለም ቅርስ ውስጥ የበቀለ ጎመን ነው ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ በር ላይ ተቀምጠው አወሩኝ። አባታቸው በባለርስት ጊዜ ቡና ለቅመው ለባለመሬቱ ያስረክቡ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ሚችሌ ላይ የጌዴኦ ገበሬ በጦርና በዱላ ሲነሳ ከሸሹት አንዱ ናቸው። መሬቱ የራሳቸው የሆነው የካቲት 1967 ነው። «አባቴ ያን ቀን ቡናውን ዞሮ ዞሮ አየው። ዛፉን እንደ አዲስ» አሉኝ። ከዚያ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

ቤቱ ጥግ ላይ አራት ጆንያ ተደርድሯል። ምን እንደሆነ ጠየቅኩ። «ባንክ» አሉኝ ሳቅ ብለው። ጀንፈል ነው፤ ከነሽፋኑ ፀሐይ ላይ የደረቀ ቡና። እሸቱን ሸጠው የከረመ ዕዳና የትምህርት ቤት ወጪ ይዘጋሉ፤ ጀንፈሉን ግን አያጣድፉትም። ክረምት ላይ ሰው ሲታመም ትንሽ ይወጣል፤ ልጅ ስትዳር ትንሽ። ጀንፈል አይበላሽም፣ ዋጋው ሲወድቅም ይጠብቃል። እሸት የማይሰጠውን የመጠበቅ መብት የሚሰጣቸው ይሄ ጆንያ ነው።

ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ የኒውዮርክን የቡና ገበያ ዋጋ አሳያቸው። አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 450 ግራም ገደማ፣ 3 ዶላር ገደማ ነው። ብራዚል ዝናብ ጠፍቷል፣ ቬትናምም እንዲሁ። የብሩ ምንዛሪ ደግሞ ሐምሌ ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ጋሼ በጣታቸው ደመሩ፣ አባዙ፣ ጆንያዎቹን አዩ። «ዋጋ ሁልጊዜ የሚወጣው እሸቱን ከሸጥን በኋላ ነው» አሉ። ከዚያ ተነስተው የላይኛውን ጆንያ አፍ አጥብቀው አሰሩት።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ቡና ማጠቢያው ዘንድ በማለዳ ሄድን። ሠራተኞቹ «ሳይት» ነው የሚሉት። ቅዳሜ ማታ የተፈለፈለው ታንክ ውስጥ ሁለት ሌሊት አድሯል። የኔ 3 ኪሎ ከ400ም እዚያ ውስጥ የሆነ ቦታ አለች። ሽታው ኮምጠጥ ያለ ነው፣ ጠላ ሊደርስ ሲል እንደሚሸት።

አንድ ሽማግሌ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱና ጭብጥ ፍሬ አወጡ። በሁለት መዳፋቸው መሃል አሹት። «ና፣ ስማ» አሉኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ይንኮሻኮሻል፣ እንደ ጠጠር። «ማታ ይሙለጨለጭ ነበር። ዝም ይል ነበር። አሁን ደርሷል።» ሙጫው ለቋል ማለት ነው። ሰዓት አላዩም፣ ወረቀት አላዩም።

ከዚያ ውሃ ተለቀቀ። ስድስት ጎረምሶች በእንጨት መጥረጊያ እየገፉ ረጅሙን ቦይ አስኬዱት። ከባዱ ፍሬ ከሥር ይቀራል፤ አንደኛ ደረጃ የሚሆነው እሱ ነው። ቀላሉ ተንሳፍፎ ያልፋል። ከዚያ አልጋ ላይ። ወገብ የሚደርስ የማድረቂያ አልጋ፣ ግራና ቀኙ ሴቶች፤ ጣታቸው የተሰነጠቀውን፣ የተበሳውን ይለቅማል። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲከር ይሸፍኑታል፣ አለዚያ ቅርፊቱ ይፈነዳል። ማታም ከጤዛ ይሸፍኑታል። እንደ አየሩ ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ይታዘላል።

እዚያው አንድ ወጣት ስልክ ይዞ የገበሬዎችን ማሳ ይመዘግባል። አውሮፓውያን አዲስ ሕግ አውጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ጫካ ተመንጥሮ የተተከለ ቡና አይገባም ይላል። እያንዳንዱ ማሳ የት እንደሆነ በሳተላይት ነጥብ መታወቅ አለበት። በሚመጣው ወር ሊጀመር የነበረው ለአንድ ዓመት ሊራዘም ነው ተብሏል፤ ልጁ ግን መዝገቡን አላቆመም። ማሳው ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል። «እዚህ 4 ሄክታር ያለው ሰው አግኝተህ ታውቃለህ?» አልኩት። ሳቀ። ከጥላው ሥር ቆሞ ሳተላይት ስላልያዘለት ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቶ ሰማይ የሚታይበት ክፍተት ይፈልጋል። ጫካ እንዳልመነጠሩ ለማስረዳት፣ ዛፉ እየጋረዳቸው።

እስክርቢቶ አውጥቼ ደመርኩ። ለአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ወደ ስድስት ኪሎ እሸት ይፈጃል። የኔ እሸት ወደ 560 ግራም ጥሬ ቡና ይወጣዋል። ሲቆላ ደግሞ ክብደቱ ይቀንሳል፤ 470 ግራም ቢተርፍ ነው። የእህቴን አንድ ከረጢት ሞልቶ ትንሽ ይተርፋል። ለዚያ ነው ቀኑን ሙሉ ወገቤን የያዝኩት።

የሳይቱን ኃላፊ አንድ ኪሎ እንዲሸጥልኝ ጠየቅኩት። ጨዋ ሰው ነው። «ወንድሜ፣ እያንዳንዷ ኪሎ ተቆጥራ ነው የምትወጣው» አለኝ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ስንነሳ አያትየው ጠሩኝ። ሙቀጫው ዘንድ ተቀምጠዋል። ከ«ባንኩ» ጆንያ አንዱን ፈትተው ጀንፈሉን እየወቀጡ ገለባውን በሰፌድ ያበራሉ። ሁለት ኪሎ ይሆናል። ገንዘብ ላውጣ ስል በእጃቸው ጀርባ መቱኝ፣ ቀስ ብለው። በአማርኛ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃላቸው ይሄ ነው፤ «ለእናትህ።»

ኬላ ላይ ፈታሹ ሻንጣውን አስከፈተን። ፌስታሉን አነሳ፣ ፈታ፣ አፍንጫውን ከተተ። ረጅም ጊዜ ቆየ አፍንጫው። «ምንድነው ይሄ?» አለ፣ እንደማያውቅ።

«ለእናቴ ነው። የቤት ነው።»

ደግሞ አሸተተ። «የየት ነው?» አለኝ። ቀበሌውን ነገርኩት። አስሮ መለሰልኝና «እዚያ አክስት አለችኝ፤ ለኔ ሰጥታኝ አታውቅም» አለ።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

እናቴ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ዘረጋችው። ትልቅም ትንሽም አለበት፤ ኩሩሜውም ሰባ አራቱም ወሊሾውም አብሮ። አንዱ ፍሬ ላይ ገለባ ቀርቷል። እንደ ኤክስፖርቱ ያማረ አይደለም። አሸተተችው፣ ምንም አላለችም፣ መጥበሻውን ጣደች።

ቶናው ላይ ሳለን ስልኬ ላይ ዜና መጣ። የአረቢካ፣ ማለትም የኛ ዓይነቱ ቡና፣ ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ1977 ወዲህ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ላይ ወጥቷል። ወዲያው ለጓደኛዬ ደወልኩ። «ጋሼ ሰምተዋል» አለኝ። «ጆንያው አልተፈታም።»

በረካው ሲወጣ እህቴ በቪዲዮ ገባች። እዚያ ጠዋት ነው፣ ለሥራ እየተጣደፈች። «ስንት ገዛኸው?» አለችኝ። የሚገዛ አጣሁ ብላት አታምነኝም ብዬ ተውኩት።

እናቴ ሲኒውን አስቀመጠች። ከቀረው ጥሬ ቡና በጭልፋ እየሰፈረች ፌስታል ውስጥ ጨመረች፣ ክብደቱን በእጇ ገመተች፣ ሌላ ግማሽ ጭልፋ ጨመረች፣ ሁለቴ ቋጠረችው።

«የሚሄድ ሰው ፈልግላት» አለችኝ።